በአንገቱ ላይ የሚሻገረው ውሃ

የማንንም ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ሁሉ በሕይወት አሉ፤ ገበያ ላይ ስንገናኝም ሰላምታ እንለዋወጣለን። ግን ማን ምን እንደሆነ ካልታወቀ ነገሩ አይገባምና አንድ በአንድ ላስተዋውቃቸው።

መጀመሪያ መሪጌታው ናቸው። ከጋራው ማዶ ያለው ደብር መሪጌታ ሲሆኑ የማዶው ሕዝብ የውሃ አባትም ናቸው። የውሃ አባት የምንለው በበጋ የመስኖ ውሃ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚደርስ እንዲዳኝ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ነው። የመሪጌታው ድምፅ ማኅሌት ላይ ያምራል፤ ከማኅሌት ውጭ ግን ምላሳቸው ይላጫል።

ሁለተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ውሃ ምህንድስና ተምራ በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሦስተኛው አለቃዋ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነው። በዕድሜዬ እንዳየሁት ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በእንዲህ ዓይነቱ ሰው እጅ ነው።

አራተኛው ነጋዴው ነው። አባቱ ከደምበጫ መጥተው በገበያችን ሱቅ የከፈቱ ሙስሊም ናቸው፤ እሱ ሱቁን ወርሶ በታችኛው መስክ መሬት ተከራይቶ ነጭ ሽንኩርት ያለማል። ከዚያ የእኛ ሽማግሌዎች አሉ። ብዙ ቢሆኑም ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለሚናገሩ እንደ አንድ ሰው እቆጥራቸዋለሁ።

የመጨረሻው እኔ ነኝ። የእኛ ወገን የውሃ አባት ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ አጠገቧ ተቀምጬ ከመጽሐፏ ላይ ነው። መደመርና መቀነስ አብረን ተማርን፤ ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ቀደምኳት። ልጆቼን በጥብቅ ነው ያሳደግኩ። ውሸት የተናገረ ልጅ እቤቴ እራት አይበላም ነበር፤ ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፣ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው።

መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ ከተራራው እግር ሥር ነው። ከእኛና ከማዶዎቹ መካከል ጋራ አለ፤ ጋራው አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ይላል፣ ያንን ቦታ አንገት እንለዋለን። ከአንገቱ ወዲያ የሚፈልቀው ምንጭ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ ይወርዳል፤ ወዲህ የሚፈልቀው ወደ ሌላ ወንዝ። ልጄ በመሥሪያ ቤቷ ቋንቋ ሁለት ተፋሰስ ትለዋለች። ወዲያ ውሃ ሞልቷል፣ ወዲህ በበጋ የለም። ስለዚህ አያቶቻችን ተማምለው ከማዶው ወንዝ ውሃ ጠለፉ፣ ቦይ ቆፈሩ፣ በአንገቱ አሻግረው ወደ እኛ አመጡት። ውሉ አጭር ነው፦ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ከወንዙ ሲሶው ለእኛ፤ በሰንበት ውሃው ሁሉ ለወንዙ። ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥለፊያው ላይ ያለው ሳንቃ ይወርዳል፣ ሰኞ ጠዋት ይነሣል።

ሁለቱም ወንዞች በስተመጨረሻ ዓባይ ይገባሉ። «ምን ያጣላችኋል፣ ውሃው እንደሆነ ታች ይገናኛል» የሚለን የከተማ ሰው አይጠፋም። ይገናኛል። ዓባይ ግን ለእኔ ድንች አያበቅልልኝም።

የቆየው ልኬት በጣት ነበር፤ ኋላ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት የብረት ዘንጎች ተከለልን፣ በቀለም የተሰመሩ። አንደኛው ማዶ መጥለፊያው አጠገብ ነው፣ መሪጌታው ያነቡታል። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ነው፣ እኔ አነበዋለሁ። በየጠዋቱ ውሃው የነካውን መስመር እንጽፋለን፤ ወር ሲያልቅ ደምረን ድምሩን ብቻ ለወረዳ እንልካለን። የየቀኑን ጽሑፍ ጠይቆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የላኩት ውሃና የደረሰኝ ውሃ አንድ መሆን ነበረበት። አልሆነም። በአንድ ወር የእሳቸው ድምር ከኔ በለጠ፣ በቀጣዩም በለጠ፣ በጋው ሲያልቅ ልዩነቱ ለመሸሸግ የማይመች ሆነ። ማዶዎቹ «ውሃውን እየወሰዱ አልደረሰንም ይላሉ» አሉን። እኛም «መሪጌታው ያላከውን ላክሁ እያለ ይጽፋል» አልን። የለቅሶ ቤት መተያየት ቀረ። ቦዩን በጥቅምት አብረን እንጠርግ ነበር፤ ያን ዓመት እነሱ ሳይመጡ ቀሩ፣ ብቻችንን ጠረግን።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ልጄ መጣች። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ አውርዷት የቀረውን በእግሯ ነው የመጣችው። እናቷን ሳመች፣ ውሃ ጠጣች፣ ከቦርሳዋም ወረቀት አወጣች።

«አባዬ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ።»

«ምንድን ናት?»

«የእርቅ ቃለ ጉባኤ ናት። የእርስዎንም የመሪጌታንም ድምር ወሰድንና አማካዩን አደረግነው። እሳቸው እፈርማለሁ ብለዋል።»

«አማካይ ማለት የእኔም ያልሆነ፣ የእሳቸውም ያልሆነ ነው?»

«ማለት ... አዎ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የሁለታችሁም ነው።»

«አንዱ ሰው ፈረሱ ነጭ ነው ቢልሽ፣ ሌላው ጥቁር ነው ቢልሽ፣ ግራጫ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ? ፈረሱን ሄደሽ አታዪም?»

ሳትፈልግ ሳቀች። «እንዲህ እያሉ ነው አራተኛ ክፍል እያለሁ ከመምህሬ ጋር ያጣሉኝ።»

«መምህርሽ ተሳስቶ ነበር።»

«ተሳስቶ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ያስቀመጠው እኔን ነው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ፣ ካልፈረሙ አንገቱ ይዘጋል። ኃላፊው ልዩነቱ እስከ ጥር መጨረሻ ካልታረቀ ይደፈን ብሏል። ሲሚንቶው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ተራግፏል፤ በዓይኔ አይቼው ነው የመጣሁ።»

በደጃችን ድንቹ አብቦ ነበር። ከቤቴ እስከ ታችኛው መስክ ድረስ ያለው አረንጓዴ ሁሉ በዚያች ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንገቱ ቢደፈን መንደሩ በበጋ የሚበላው የለውም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ወረቀቱን መለስኩላት።

«እኔ ያልጻፍኩትን ቁጥር አልፈርምም። ቁጥሬ ውሸት ከሆነ ውሸት ነው በሉኝና ልጠየቅ። ውሸት ካልሆነ ደግሞ ግማሹን እንኳ አልሰጥም።»

ያን ዕለት ሳታድር ተመለሰች። እናቷ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ወሬው ልጄ ከተማ ሳትደርስ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«አንተ ሰው፣ የመንግሥት ብዕር ደጅህ ድረስ መጥቶ መለስከው አሉ።»

«ብዕሩን አልመለስኩም። ቁጥሩን ነው።»

«ቁጥር ምን አባቱ። ቁጥር ይበላል?»

«ይበላል እንጂ። ውሃ የምትጠጡት በቁጥር ነው።»

«ልጅህ ናት ያመጣችው። ለልጅህ ካልፈረምክ ለማን ልትፈርም ነው?»

«ልጄ ስለሆነች ነው ያልፈረምኩ። ከሌላ ሰው ቢመጣ ምናልባት አዝንለት ነበር።»

አንደኛው ሳቀ፤ ሌሎቹ አልሳቁም። «እስከ ጥር መጨረሻ ነው» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ድንቻችን ቢደርቅ አንተን ቀቅለን አንበላ።»

ከዚያ ወዲያ የማስበው ስለ ውሃው ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ቦዩ ይቀዳዳል ብዬ ከመጥለፊያው እስከ አንገቱ ጭቃውን እየዳሰስኩ ሄድኩ። የአይጥ ጉድጓድ አገኘሁ፣ ደፈንኩ፤ ውሃ የሚያፈስ ነገር ግን አልነበረም። ቀጥሎ ሰው በመንገድ ይጠልፈዋል ብዬ ጠረጠርኩ፤ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ገደል ነው፣ የሚታረስ መሬት የለም። ቀጥሎ ዘንጉ ዘምሟል ብዬ በቱንቢ ለካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ የቀረኝ መሪጌታው ይዋሻሉ ማለት ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሌላውን ውሸታም ማለት ድካም ያሳርፋልና። እኔም ላቆም ምንም አልቀረኝም።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ነበር፣ የደብራችን ታቦት። ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ በታችኛው መስክ በኩል ወረድኩ። መስኩ ሰው የለበትም፤ በበዓል የሚያጠጣ የለም። ነጋዴው ብቻ ሱሪውን ጠቅልሎ ሽንኩርቱ መካከል ቆሟል። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነው።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣኸው?»

«ኧረ እኔ አላመጣሁትም፤ እሱ ነው የሚመጣ። እናንተ ነጭ ለብሳችሁ ሽቅብ ስትወጡ እሱ ቁልቁል ወደ እኔ ይወርዳል።»

«ሁልጊዜ?»

«ባረፋችሁ ቁጥር። ስንት ቅዱሳን እንዳሏችሁ ከቄሶቻችሁ ይልቅ የእኔ ሽንኩርት ያውቃል።» ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። «ምነው ጋሼ፣ አጠፋሁ እንዴ? ወላሂ ቦይ አልነካሁም። ሁሉም ማሳ አፉን ዘግቶ ሲያርፍ ተርፎ የሚወርደውን ነው።»

«ማንም አጠፋህ አላለም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ያዩኛል?»

የማየው እሱን አልነበረም። የማየው የዚያን ቀን ጠዋቱን ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ በአንገቱ አልፌያለሁ። ውሃው ዘንጉን እንደ ወትሮው ይዞት ነበር። አይቼዋለሁም። ግን በዓል ስለሆነ እጄ ብዕር አልያዘም፤ ለመጻፍም አላሰብኩም። በበዓል ቀን አናርስም፣ አንቆፍርም፣ አናጠጣም፤ በበዓል የሠራ ሰው በረዶ ያመጣብናል ተብሎ ይወገዛል። የውሃ ቁጥር መጻፍ ደግሞ የመስኖ ሥራ ነው። ስለዚህ በበዓል ውሃ አይጻፍም። ይህን ማንም አላዘዘኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። እንዲያው እንደዚያ ነው።

ነገር ግን ሳንቃው ለሰንበት እንጂ ለበዓል አይወርድም። ውሉ ስለ በዓል አንድም ቃል የለውም። አያቶቻችን የሁለት ደብር ሰዎች ናቸው፤ በሰንበት ተስማሙ፣ በታቦት ቀን መስማማት ስላልቻሉ ይመስለኛል ዝም ብለው አለፉት። ውሃው በበዓል ቀንም ይሻገራል። ማንም አይጽፈውም።

ዘመዴን ሳልጠይቅ ወደ ላይ ተመለስኩ። በማግስቱ ደብተሬን በጉያዬ ይዤ አንገቱን ተሻገርኩ።

መሪጌታው ከደጃቸው ዋርካ ሥር ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስቀጸሉ ደረስኩባቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ያለ መምህር የተማረው መጣ» አሉ ለተማሪዎቹ። «ተነሡለት፤ እናንተ ሃያ ዓመት የምትለፉበትን እሱ ከሴት ልጁ መጽሐፍ ላይ ጨርሶታል።»

«መሪጌታ፣ ልሰደብ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

«ስድቡ ነጻ ነው፤ ጥያቄው ነው የሚያስከፍል። በል ጠይቅ።»

«በአቦ ዕለት ውሃውን ጽፈዋል?» አቦ የእሳቸው ደብር ታቦት ነው፣ ወር በገባ በአምስት ይውላል።

«በአቦ ዕለት?» ቅር አላቸው። «በአቦ ዕለት ከቅዳሴ ወጥቼ ከብረት ዘንግ ሥር ተደፍቼ መስመር ስቆጥር ያየኝ ሰው ምን ይለኛል? አንተ በጊዮርጊስ ትጽፋለህ?»

«አልጽፍም።»

መሪጌታው ተነሡ፣ ወደ ቤት ገቡ፣ የራሳቸውን ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ያን ወረቀት ለወረዳም ለማንም አሳይተው አያውቁም፤ ቃሌ ይበቃል ይሉ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ እኔም የእኔን አጠገቡ ዘረጋሁ፣ በጣታችን ቀን በቀን ወረድን።

በሚካኤል ሁለታችንም ባዶ። በማርያም ሁለታችንም ባዶ። በመድኃኔዓለምና በባለ ወልድም እንዲሁ። በአቦ የእሳቸው ባዶ ነው፣ የእኔ ተጽፏል። የእኛ ደብር ደግሞ ከጊዮርጊስ ጋር ሁለት ደባል ታቦታት አሉት፣ ሥላሴና ገብርኤል፤ በሦስቱም ቀን የእሳቸው ተጽፏል፣ የእኔ ባዶ ነው። ሁለታችንም በጻፍንበት ቀን ግን ቁጥሩ አንድ ነው። መስመር ለመስመር አንድ።

«እኔ ሌባ ስልህ ነበር» አሉ መሪጌታው።

«እኔም እርስዎን ውሸታም ስል ነበር።»

«ታዲያ የቱ ነው ሌባው?»

«ማንም አይደለም።»

«ይኼማ የባሰ ነው። ሌባ ቢሆን ይታሰርና እንገላገል ነበር።» ወረቀቱን አጠፉት፣ ግን አልሰጡኝም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «አንድ ነገር አስበሃል? እኔ ያልጻፍኩትም ውሃ ሄዷል፣ አንተ ያልጻፍከውም ውሃ ሄዷል። የሄደው ደግሞ ወደ እኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እውነቱ ከሁለታችንም ቁጥር ይበልጣል። ይህን ካወጣኸው የምትጎዳው አንተ ነህ፣ የኔ ሰዎች ይደሰታሉ። አማካዩን ብትፈርም ይሻልሃል፤ እኔም እፈርማለሁ። ማንም አያውቅ።»

«እኔና እርስዎ እናውቃለን።»

«እኔ ዝም እላለሁ።»

«ዝም ማለት ከቻሉ ለምን ወረቀቱን አወጡት?»

ወረቀቱን ሰጡኝ። «ሂድ፣ ለልጅህ ስጣት» አሉ። «ድመሪ በላት። አንተ እንዳትደምረው፤ ያለ መምህር ነው የተማርከው።»

ልጄ ሁለቱን ጽሑፎች ኮምፒዩተሯ ውስጥ አስገባች። ባዶዎቹን ቀኖች ከፊታቸውና ከኋላቸው ባለው ቀን ልኬት ሞላች፣ ጽሕፈት ቤቱ ከለካው ከወንዙ ጠቅላላ ውሃ ጋር አስተያየችው። በስልክ ነው የነገረችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባዬ፣ ከሲሶው አልፋችኋል።»

«በብዙ?»

«በሚታይ መጠን። አማካዩን ፈርመው ቢሆን ኖሮ ከሲሶው በታች ነበራችሁ። ምንም ባልተነካችሁ።»

«አንቺስ? ያን አማካይ አንቺ አይደለሽም ያዘጋጀሽ?»

«ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ማኅተም ያደረገበት ኃላፊው ነው። አሁን ይህን ሳቀርብ ሁለታችንም ተሳስተናል ማለቴ ነው።»

«ታቀርቢያለሽ?»

«እራት እንዳልከለከል ነው» አለች። አላመሰገንኳትም። ትክክል የሆነ ነገር ምስጋና አይጠየቅበትም ብዬ ነው ያሳደግኳት፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ደጅ ወጥቼ ብዙ ቆምኩ።

ለሽማግሌዎቹም ሳልደብቅ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ከጀርባ የሚሰሙት ነገር እንዲሆን አልፈለግሁም። አንደኛው ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «እግዜር ያልጻፈውን አንተ ምን አድርግ ብሎህ ትጽፋለህ?» አለኝ። «በበዓሉ ቀን የወረደ ውሃ የበዓሉ ስጦታ ነው።»

«ስጦታ ከሆነ» አልኩት፣ «ሰጪው ማዶዎቹ ናቸው። ሳያውቁ የሰጡትን ስጦታ ነው እንዴ የምንለው?»

ክንዴን ለቀቀ።

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንገቱ ላይ ተሰበሰብን። ማዶዎቹ በወዲያ በኩል ተቀመጡ፣ እኛ በወዲህ፤ ቦዩ መካከል ይፈሳል። ኃላፊው በመኪና እስከሚደርስበት ደርሶ፣ ከዚያ እያለከለከ ወጣ። ነጋዴውም ከእኛ ሰዎች ኋላ ቆሞ ነበር።

«አባት» አለኝ ኃላፊው፣ «ሁለቱም ወገን አማካዩን ተቀብሏል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሁለቱም ወገን የተቀበለው ሁለቱም ወገን ስለማያውቅ ነው። ልጄ ታንብበው።»

ልጄ ተነሥታ አነበበች። አለቃዋን ሳታይ፣ እኔንም ሳታይ፣ ወረቀቱን ብቻ እያየች። የትኛው ቀን በማን እንዳልተጻፈ፣ ለምን እንዳልተጻፈ፣ እውነተኛው ድምር ስንት እንደሆነ። ስትጨርስ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ይህ ሰው የማን የውሃ አባት ነው?» አለ።

መሪጌታው ከወዲያ በኩል መለሱለት። «የውሃው አባት ነው። ተቀመጥ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ከልጄ ተቀብሎ አገላበጠው። «እንግዲያውስ ነገሩ አልቋል» አለ። «ከሲሶው አልፋችኋል፤ አንገቱ ይደፈናል።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። እስከዚያ ድረስ ተረጋግቼ ነበር።

«አልፈናል። አልፈናል ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አንተማ ግማሽ ውሸት አስፈርመህ ልትሄድ ነበር። ውሉ ሲሶ ይላል። ያለፍነውን ሁሉ ውሰዱ፣ አንዲት ጣት አልከራከርም። ሲሶው ግን የእኛ ነው። አያቶቻችን የማሉበት ነው። እውነት ስለተናገርን የሚቀጣን ሕግ ካለ አምጣና አንብብልኝ፣ ማንበብ እችላለሁ። ከሌለ ሲሚንቶህን መልሰህ ጫን። ልትደፍን ከመጣህ እኔ ቦዩ ውስጥ ተቀምጬ ታገኘኛለህ፤ ከነነጠላዬ ድፈነኝ።»

ከማዶዎቹ አንድ ሰው ሳቀ። መሪጌታው ግን አልሳቁም፤ ወደ ሕዝባቸው ዞረው «ሲሶው የእነሱ ነው» አሉ። «የመሰከረብን ሰው ቢሆን እንከራከረው ነበር። ይህ የመሰከረው በራሱ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳብ ነገር ነው። በልጄ ስሌት፣ ሳንቃው ለሰንበት እንደሚወርደው ሁሉ በሁለቱም ደብር በዓላት ዋዜማ ቢወርድ፣ ወደ እኛ የሚሻገረው ሲሶው ላይ ይመጣል። የማንም በዓል ከማንም ሳይለይ፦ የጋራዎቹ አራት፣ የእኛ ሦስት፣ የእነሱ አንድ። ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በበዓሉ ቀን ውሃው በእርግጥ መቆሙን ዘንጉን አይቶ የሚጽፍ ሰው። እኛ በበዓል አንጽፍም፤ እነሱም አይጽፉም።

መሪጌታው ዓይናቸውን ከእኛ ሰዎች ኋላ ጣሉ። «ያ ሽንኩርቱ በዓላችንን የሚያውቅ ልጅ የታለ?»

ነጋዴው ወደ ፊት ወጣ። «መሪጌታ፣ ሽንኩርቴ መድረቁን እኔው እየመጣሁ ልመዝግብ ነው?»

«ከአንተ የበለጠ ተጠንቅቆ የሚያይ የለም። አንዲት ጠብታ ብትወርድ ትደሰታለህ፣ ስለዚህ ታያለህ። ሰው ደግሞ ያምንሃል፤ የምትከስረው አንተ ነህና።»

ሰዉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። በዓሉ ዓርብ ከዋለ ግን ከስግደት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አልወጣም።»

«ውሃው ይጠብቅሃል» አሉት።

ኃላፊው ፈርሞ ወረደ። ሲሚንቶው ኋላ ለትምህርት ቤት አጥር ዋለ፤ ጥሩ አጥር ነው።

ይህ ከሆነ ሁለት በጋ አለፈ። በየበዓሉ ነጋዴው አንገቱ ላይ ወጥቶ ባዶ ብሎ ይጽፋል፣ ስሙንም ከሥሩ ያሰፍራል። ሁለቱ ድምሮች ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም። በጥቅምት ማዶዎቹ አካፋቸውን ይዘው መጥተው ቦዩን አብረውን ጠረጉ። ለቅሶም መተያየት ጀምረናል።

የተከፈለውንም ልንገራችሁ። ታችኛው መስክ በበጋ አይታረስም፤ ውሃው እዚያ ድረስ አይወርድም። ያ መሬት የነበራቸው ቤቶች ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ የሚሉኝ የለም። የነጋዴው ሽንኩርት መጀመሪያ ፍሬው አንሶ ባቄላ አከለ፣ ቀጥሎ እሱም ማልማቱን ተወው፤ አሁን ሱቁ ብቻ ነው ያለው፤ ስገባ «ጋሼ፣ ቅዱሳንዎ አከሰሩኝ» ይለኛል፣ ጨውም ሳይመዝን ጨምሮ ይሰጠኛል። መሪጌታውን ከማዶዎቹ አንዳንዱ «አንገቱ ሊደፈንልን ሲል ያስቀሩ» ይላቸዋል፤ የውሃ አባትነቱን ትተው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመልሰዋል። እኔንም የእኛ ሰዎች በሌላ ተኩኝ። የተካኝ ሰው ወረቀት ሲመጣለት ሳያነብ ይፈርማል፤ ዘንጉን ግን በየቀኑ ይጽፋል፣ ምክንያቱም አሁን የማይጽፍ ሰው እንደ ሌባ ይታያል። ልጄን ወደ መርጡለ ማርያም በኩል አዛወሯት፤ ደብዳቤው «ለሥራ ፍላጎት» ይላል። በዓመት አንዴ ትመጣለች፤ ስትመጣ ከሁሉ በፊት አንገቱ ላይ ወጥታ ዘንጉን ታያለች።

እናቷ «ለአንድ ፊርማ» ትለኛለች አንዳንድ ቀን። ወረቀቱ ዛሬም ቢመጣ እመልሰዋለሁ፤ ነገም ቢመጣ እመልሰዋለሁ።

ደምሬዋለሁ፣ መደመር አውቃለሁና። ሽንኩርቱም፣ መስኩም፣ ሹመቱም፣ የልጄ መራቅም ከዚያ የመጡ ናቸውና ለሁላችንም ያስከፈለን ይኸው ነው፦ በየወሩ የስምንት ቀን ውሃ።